ጥያቄና መልስ፦ ለወንድሜ አማት የትኛውን የጃፓን ዘፈን እንዝፈን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከዚራ ውስጥ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ሥር ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የሚጠጡ አዛውንቶች አሉ። አብዛኞቹ የምድር ባቡር ጡረተኞች ናቸው፤ አባቴም ከእነሱ አንዱ ነው። ወንድሜ ያገባው ጃፓናዊት ሲሆን፣ ዘንድሮ ለፋሲካ ከሚስቱና ከአማቱ ጋር ይመጣል። አማቱ በአገራቸው ከእኩዮቻቸው ጋር እየተሰበሰቡ የድሮ የጸደይ ዘፈኖችን ይዘፍናሉ። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲሰሙ «እኛም በቋንቋቸው ዘፍነን እንቀበላቸዋለን» ብለው ተነሥተዋል። ፈረንሳይኛ የሚሞክሩ ሞልተዋል፤ ጃፓንኛ የሚያውቅ ግን የለም። የትኞቹን ዘፈኖች እንምረጥ? ግጥሙንስ እንዴት ያጥኑት? ካራኦኬ በቴሌቪዥን ብከፍትላቸው ይሻል ይሆን?
የጡረተኛው ልጅ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምርና ቴሌቪዥኑን አጥፊው። ስክሪን ላይ የሚሮጥ ፊደል የሚያሳድድ ሽማግሌ ከጎኑ የተቀመጠውን አይሰማም፤ አብሮ መዝፈን ደግሞ ግማሹ መስማት ነው።

ዘፈኑ ሁለት ይበቃችኋል። አምስት ስድስት ይዘን እንቅረብ የሚል ካለ ሁሉንም በግማሽ ያበላሻል፤ ስንት የትምህርት ቤት በዓል ላይ አይቼዋለሁ።

የመጀመሪያው «ሃሩ ኖ ኦጋዋ» ይሁን፤ የጸደይ ጅረት ማለት ነው። በ1912 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዢልኝ) የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ለአራተኛ ክፍል ባሳተመው የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ግጥሙ የታካኖ ታትሱዩኪ፣ ዜማው የኦካኖ ቴይኢቺ ነው ይባላል። በ1942 ግን አሮጌው የግጥም ቋንቋ ለልጆች ከብዷል ተብሎ ወደ ዕለት ተዕለት ንግግር ተለወጠ። የወንድምሽ አማት ከጦርነቱ በኋላ የተማሩ ከሆነ የሚያውቁት አዲሱን ነው። ግጥሙን ስትፈልጊ «ሳራ ሳራ» ከሚለው ቀጥሎ «ናጋሩ» ካየሽ አሮጌው ነው፣ ተዪው፤ «ኢኩ ዮ» ካለ ግን ውሰጂው።

ዘፈኑ ውኃው በሣር ዳር እየተንሿሿ ለአበቦቹ ሲያወራላቸው ያሳያል። መነሻው ቶኪዮ ውስጥ ዮዮጊ በሚባለው ሰፈር የነበረ ጅረት እንደሆነ ይነገራል። ያ ጅረት ዛሬ አይታይም፤ ከተማዋ ለ1964ቱ ኦሊምፒክ ስትዘጋጅ ኮንክሪት ተጭኖበት ከመንገድ ሥር ገባ። ይህን ለአባትሽና ለጓደኞቻቸው ከልምምዱ በፊት ንገሪያቸው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ በሚከርመው የደቻቱ ወንዝ ዳር ያረጀ ሰው፣ ስለሌለ ውኃ መዝፈን ምን እንደሆነ ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል።

ዜማው ለእናንተ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። ከሞላ ጎደል በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሄዳል፤ የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ማለት ናቸው። አራት መስመር ብቻ አለው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ይመሳሰላሉ፤ ሦስተኛው ላይ ብቻ ትንሽ ዞር ይላል። ስለዚህ ልምምዱን ከሦስተኛው መስመር ጀምሩ። ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ከተገኘ የዜማውን ዶ ወደ ታችኛው ላ አውርዶ ዘፈኑን ያስነሣላችሁ። በዕድሜ የሴቱም የወንዱም ጉሮሮ ከላይ ይጠብባል፤ በወጣት ድምፅ ከተቀዳ ሲዲ ጋር መታገል ጡረተኛን ማሳል ብቻ ነው የሚያተርፍለት።

ግጥሙን በላቲን ፊደል እንዳትጽፊላቸው አደራ። የጃፓን ጽሕፈት እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል፤ ስለዚህ ሳ-ኩ-ራ ብለሽ ስትጽፊ አንዱ ፊደል አንድ ምት ይሆናል፤ ሽማግሌው በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ሊያነበው ይችላል። ብቻዋን የምትቆም ሳድስ «ን» ብቻ ናት ብትዪ ብዙ አትሳሳቺም፤ እሷም ራሷን የቻለች አንድ ምት አላት። በትልልቁ፣ በጥቁር ማርከር፣ በካርቶን ላይ ጻፊው።

ሁለተኛው «ሳኩራ ሳኩራ» ነው። ዜማው ከኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) የመጣ ሲሆን፣ በ1888 የቶኪዮ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለኮቶ፣ ማለትም ለአሥራ ሦስት አውታሩ መሣሪያቸው፣ ባሳተመው ስብስብ ውስጥ ገብቷል። ይህን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፤ የእኛው ትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው! ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ክራር የሚደረድር ካለ በትዝታ ማይነር ይቃኝና ያጅባችሁ። ዜማው ሰባት ቦታ ይረግጣል፣ ክራሩ ስድስት አውታር ነው፤ የጎደለችውን ዘፋኞቹ ይሸፍኗታል።

ወጥመዱ መጨረሻው ላይ ነው። ድምፆቹ አንድ ይሁኑ እንጂ ማረፊያቸው ይለያያል። እኛ ወደ ላ እንመለሳለን፤ «ሳኩራ» ግን ወርዶ ወርዶ ሚ ላይ ይቆማል። አባትሽና ጓደኞቻቸው ሳይታወቃቸው ወደ ላ ከፍ አድርገው ሊዘጉት ይሞክራሉ፤ እጄን በእሳት እከታለሁ። ያን የመጨረሻ ስንኝ ለብቻው፣ ያለ ቃል፣ በማንጎራጎር ደጋግሙት። ዘፈኑ ስለ ቼሪ አበባ ቢሆንም ከዛፋችሁ ሥር መዝፈን አያሳፍርም፤ ቀዩ አበባ የሚያብበው በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ በከተማችሁ ስም የሚጠራ ዛፍ ላይ አይደል?

«ሃና» የሚባል የጸደይ ዘፈን ይጠቁሟችሁ ይሆናል። ታኪ ሬንታሮ በ1900 ደርሶታል፤ ደራሲው በ23 ዓመቱ ያረፈ ባለ ተሰጥዖ ነበር። ውብ ነው፤ ግን በሁለት ድምፅ የተደረሰ፣ ከፍ ብሎም የሚወጣ ስለሆነ ለመስማት እንጂ ለእናንተ አይሆንም።

«ፉሩሳቶ»ን፣ ማለትም «የትውልድ መንደር»ን ደግሞ፣ ብትችሉም፣ አትንኩት። የ1914 ዘፈን ነው። ጥንቸል ያሳደድኩበት ተራራ፣ ዓሣ ያጠመድኩበት ወንዝ፣ ወላጆቼ እንዴት ናቸው፣ ጓደኞቼስ ደኅና ናቸው ይላል። ያ የእንግዳችሁ፣ የወንድምሽ አማት፣ ዘፈን ነው። እናንተ ሁለቱን ጨርሳችሁ ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ወንድምሽ «ፉሩሳቶን ይዝፈኑልን» ብሎ ይጠይቃቸው፤ እናንተ አፋችሁን ዝጉና አዳምጡ። ቀጥሎ አባትሽ ከልጅነታቸው የሚያስታውሱትን አንድ ይመልሱ፤ በፈረንሳይኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛም ይሁን በአማርኛ፣ ድሬዳዋ ላይ ማን ይከለክላቸዋል!

ልምምዱን ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት። በሚያዝያ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ማንም ትንፋሽ የለውም፤ ከምሳ በኋላማ ወንዶቹን ከበርጫ ማስነሣት አይታሰብም። አንዴ ተቀምጠው ከ20 ደቂቃ በላይ አይዝፈኑ፤ ውኃ አቅርቢላቸው።

ለወንድምሽ ደግሞ ዛሬውኑ ደውዪለት። አማቱ «ሃሩ ኖ ኦጋዋ»ን በራሳቸው ድምፅ አንድ ጊዜ ይዝፈኑና በስልክ ቀድቶ ይላክልሽ። ከላ አስነሡት ያልኩሽ እሳቸው ከፍ አድርገው ከዘፈኑት ይቀራል፤ መነሻውን እሳቸው በጀመሩበት ላይ ቁረጡት፤ ለእናንተ ሽማግሌዎች ከላይ የራቀባቸው ካለ አንድ ስምንዮሽ (ኦክታቭ) ወርዶ ይዝፈን።