«ውርሱ ለእህት ልጅ ነው» አሉኝ

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ሜሪላንድ የኩማሲ ተወላጅ ከሆነ ጋናዊ ጋር ተጫጭታለች። ልጁ ሰው አክባሪ ነው፤ ወድጄዋለሁ። አንዲት ወዳጄ ግን «እነሱ ዘንድ የሚወርሰው የእህት ልጅ ነው፤ ባሏ ቢሞት ልጅሽ ሜዳ ላይ ነው የምትቀረው» ብላኝ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው? — ወ/ሮ አ.

መልስ፦ ወይዘሮ አ.፣ ወዳጅዎ የነገረችዎ ግማሹን ነው። ባለቤቴ ኩማሲ ይሠራ በነበረበት ዘመን ልጆቼን ያሳደግሁት እዚያ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርዎ።

ጋናዊ ሁሉ አንድ አይደለም። በሰሜን ዳጎምባዎች፣ በምሥራቅ ኤዌዎች ዘር የሚቆጥሩት በአባት ነው። ኩማሲ ግን የአሻንቲዎች ከተማ ናት። አሻንቲዎች ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጉት የአካኖች ወገን ናቸው፤ ዘር የሚቆጥሩትም በእናት ነው። ደም ከእናት፣ መንፈስ ከአባት ይወረሳል ይላሉ። ስም የሚያወጣው አባት ነው፤ የልጁ ወገን ግን «አቡሱዋ» የሚሉት የእናቱ ቤት ነው። እንግዲህ አንድ ወንድ የወለደው ልጅ የሚስቱ ወገን ነው፣ የእህቱ ልጅ ደግሞ የራሱ። የጥንቱ ውርስ ወደ ወንድምና ወደ እህት ልጅ የሚሄደው ንብረት ከወገን እንዳይወጣ ነው። ንግሥናውም እንደዚሁ ነው። የአሁኑ የአሻንቲዎች ንጉሥ ኦሴይ ቱቱ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲነግሡ ለዙፋኑ ያጯቸው ንግሥቲቱ ወላጅ እናታቸው ነበሩ። በእኛ አገር ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ስለነበር ነገሩ ለጆሯችን ይከብዳል።

አሁን ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985፣ የጋና መሪ በነበሩት በጄሪ ሮሊንግስ ዘመን፣ ሳይናዘዝ ለሞተ ሰው የወጣው የውርስ ሕግ መኖሪያ ቤቱንና የቤቱን ዕቃ ለሚስትና ለልጆች ይሰጣል። ከተረፈው ከ16 እጅ 9ኙ ለልጆች፣ 3ቱ ለሚስት፣ 2ቱ በሕይወት ላለ ወላጅ፣ 2ቱ በባህሉ መሠረት ይከፈላል። የወገን መሬት ግን በዚህ ሕግ አይነካም። ሜሪላንድ የሚገዙት ቤት ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ ነው የሚዳኘው። ሁለቱም ኑዛዜ ይጻፉ፤ ይህን ከሠርጉ በፊት ቢያስጨርሱ ደስ ይለኛል።

ወገን ሥልጣኑን አጥብቆ የሚያሳየው በቀብር ነው። ጎረቤቴ የነበረች ነጋዴ ባሏ ሲሞት የቀብሩን ቀን የወሰነችው እሷ አልነበረችም፤ የባሏ ወገን ሽማግሌ ቆርጠው ነገሯት። አስከሬኑ የአቡሱዋው ነውና። ልጅዎ ይህን ዛሬውኑ ብታውቅ ይሻላል፤ በሐዘን መካከል መስማት ያማል።

እኔን ከውርሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አቡሱዋ የሚገኘው ከእናት ብቻ ስለሆነ የልጅ ልጆችዎ በወጉ አቡሱዋ አይኖራቸውም። አባታቸው ይወዳቸዋል፣ ያሳድጋቸዋል፤ ወገን ሲሰበሰብ ግን የእኔ የሚሉት ቦታ የለም። ኤዌ ሴት ያገቡ አሻንቲዎች ልጆችም ይኸው ይደርስባቸዋል፦ የእናታቸው ወገን በአባታችሁ ተቆጠሩ፣ የአባታቸው ወገን በእናታችሁ ተቆጠሩ ይሏቸዋል። እኔ ባየኋቸው ቤተሰቦች ይህን ክፍተት የሚሸፍኑት የአባት እህቶች ናቸው። ሕፃኑን ክረምት ክረምት ወስደው ካሳደሩት፣ በቋንቋቸው ካናገሩት፣ ማንም ባዕድ ነህ አይለውም። ልጅዎ ከባሏ እህቶች ጋር ከአሁኑ ትወዳጅ።

ሽማግሌ ሲልኩ መጠጥ ይዘው ነው የሚመጡት፤ እንዳይገርምዎ፣ ደጅ ማንኳኳት የሚሉት ወጋቸው ነው። የሙሽራው የእናቱ ወንድም መጥቶ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ከመጣ ከሁሉ በፊት እሱን ያክብሩ፤ ስለ ልጅ ልጆችዎ ቦታ የሚጠይቁትንም ፊት ለፊት ይጠይቁት። በእህቱ ልጅ ትዳር ቃሉ ክብደት አለው።