ኪኒኑን አንዴ አቁሜ አይቻለሁ

እህቴ፣ «ሲኤምኤል አለብኝ፤ የመጨረሻው ፒሲአር (የበሽታውን ርዝራዥ ደም ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ) ምንም አላሳየም። ኪኒኑን ባቆመውስ? ስቴም ሴሉ ይቀራል የሚሉትስ ምንድን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔም የአዳማ ሰው ነኝ። በዚሁ የደም ካንሰር ምክንያት ኢማቲኒብ የሚባለውን ኪኒን ስውጥ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ያንቺን ጥያቄ ደግሞ በራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነበር። አብጦ የነበረው ጣፊያዬ ወደ ልኩ ተመልሷል፣ ፒሲአሩም ዜሮ ሆኗል። «በቃ ድኛለሁ» አልኩ። ጠዋት ጠዋት የዓይኔ ዙሪያ ማበጡ፣ ሌሊት ባቴን ጨምድዶ መያዙ አሰልችቶኝ ነበርና ለማንም ሳልናገር ተውኩት። በአምስተኛው ወር አዲስ አበባ ሄጄ ስመረመር የፒሲአሩ ቁጥር ከዜሮ ወጥቶ ጠበቀኝ። የሚገርመው፣ ምንም አላመመኝም ነበር እኮ! በፈጣን መንገዱ ስንመለስ ሞጆ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ሐኪሜ ተቆጥታ ስታበቃ አስረዳችኝ። ስቴም ሴል መቅኔ ውስጥ ተቀምጦ ሌሎቹን የደም ሴሎች የሚወልድ እናት ሴል ነው። በኛ በሽታ ክሮሞዞም 9 እና 22 ቁራሽ የሚለዋወጡት እዚያ ውስጥ ነው። ከዚህ የሚመጣው የተበላሸ ፕሮቲን ሴሎቹን «ተባዙ፣ ተባዙ» ይላቸዋል። ኢማቲኒብ ያንን ፕሮቲን ያፍነዋል፤ ያለሱ መኖር የማይችሉት ልጆች ያልቃሉ። እናቲቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ነው የምትውለው፣ ፕሮቲኑንም ያን ያህል አትፈልገውም። ኪኒኑ አይገድላትም። ፒሲአር ደግሞ ከክንድሽ የተቀዳውን ደም ነው የሚያየው፤ መቅኔ ውስጥ ያሸለቡ ጥቂት ሴሎች ያመልጡታል።

ግቢሽ ሰርዶ ካለው ይገባሻል። በበጋ መሬቱ ባዶ ይመስላል። አንድ ዝናብ ሲጥል ግን ከየት መጣ ሳትዪ አረንጓዴ ይለብሳል።

ማቆም ጨርሶ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዮች 100 ታማሚዎችን ኪኒኑን አስቁመው ተከታትለዋል፤ የመጀመሪያው ውጤት በ2010 እ.ኤ.አ. ወጣ። በረጅም ጊዜ ክትትል 60 ያህሉ ላይ በሽታው ተመለሰ፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት። ግን ልብ በዪ፦ ሰዎቹ ቢያንስ 2 ዓመት ሙሉ ዜሮ የቆዩ ናቸው፤ ካቆሙም በኋላ መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይመረመሩ ነበር። እኔ አምስት ወር ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። በሽታው የተመለሰባቸው ኪኒኑን መልሰው ሲጀምሩ ቁጥሩ እንደወረደላቸው፣ እኔም መልሼ ስጀምር ወረደልኝ፤ ዜሮ ለመድረስ ግን ከዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ያንቺ ዜሮ ስንተኛው ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ስለ ማቆም ማሰቢያው ገና ነው። ያስመረረሽ ማቅለሽለሹ ከሆነ ከምሳ ጋር በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ሞክሪው። እኔ በጾም ቀን ከቅዳሴ መልስ ስበላ ነው የምውጠው። ልጅ አስበሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳታረግዢ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ።