ናይሮቢ ወይስ ጎንደር? ጠይቁኝ፤ ሽልንግን በብር ግን አታባዙብኝ

ኤሌክትሪሻን ነኝ። ናይሮቢ 11 ዓመት ሠርቼ ከተመለስኩ ይሄ ሦስተኛ ክረምቴ ነው፤ አሁን ጎንደር፣ አዘዞ ነው ያለሁት። «ኬንያ ይሻላል ወይስ እዚህ?» የሚለኝ ስለበዛ ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ፖለቲካ አልነካም።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ባጭሩ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለማን? ሙያህ ምንድን ነው? ልጆች አሉህ? እንዲህ ተድበስብሶ ከተጠየቀ መልስ የለኝም።

ነርሷ፦ እዚያ የነርስ ደመወዝ በብር ሲመታ ብዙ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ «በብር ሲመታ» የሚለውን ተዪው። ሽልንጉን የምታገኚው እዚያ፣ የምታወጪውም እዚያው ነው። መጀመሪያ የቤት ኪራዩን፣ ቀጥሎ የልጅ ትምህርት ቤቱን ቀንሺለት፤ የተረፈውን ነው ከጎንደር ትራፊሽ ጋር የምታነጻጽሪው። ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሆነ የአምናው ስሌት ዘንድሮ አይሠራልሽም።

አራዳ፦ መብራትስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! መብራት እነሱም ጋ ይሄዳል። በነሐሴ 2015 አገሩ ባንድ ሌሊት ጨልሞ ኤርፖርቱ እንኳ አልተረፈም። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ25 ሽልንግ ያዙት። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለት 175 ሽልንግ፤ ጤፉ ገና ሳይቆጠር። ባለቤቴ ስትጋግር እኔ ቆጣሪው ሥር ቆሜ ቁጥሩ ሲወርድ አይ ነበር። ጠዋት በኤምፔሳ የሞላሁት ቶክን (ቅድመ ክፍያ መብራት) ማታ ያልቃል። ኋላ ተውነው፤ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ካሉ ሐበሾች እንጀራ እየገዛን በላን። ኬንያዊው ኡጋሊውን (የበቆሎ ገንፎውን) በጋዝ ወይ በከሰል አገንፍቶ፣ ሱኩማ ዊኪውን (ጎመኑን) ጠብሶ ይጨርሳል፤ ምጣድ የሚባል ዕዳ የለበትም። እና «ኬንያ ኑሮ ርካሽ ነው» የሚላችሁን ሰው፣ እንጀራ ቤቱ ይጋግር እንደሆነ ጠይቁት።

የሚገርመው ከዚያ መብራት ከፊሉ የኛ ነው። ከኅዳር 2015 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስካለችው ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ500 ኪሎቮልት መስመር ይሄድላቸዋል፤ ለመነሻ የተዋዋሉት 200 ሜጋዋት ነው።

ባለባጃጅ፦ ለነሱ እየሸጥን እኛ በሻማ?

ቀበሌ 18፦ ዶላር ከየት ይምጣ ታዲያ? ባጃጅህ የሚጠጣው ቤንዚን በምን የሚገዛ መሰለህ?

ባለባጃጅ፦ ቤንዚኑንማ ሰልፍ አድሬ ነው የማገኘው፤ አታስቀኝ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር የሚቃጠለው ኬንያ ስለገዛች ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ምጣድ ስለተሰካበት ነው። ማመንጨት ሌላ፣ ማከፋፈል ሌላ።

ተማሪ፦ በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ልማት ሰንጠረዥ የ2022 ቁጥር (በፈረንጆቹ) ኬንያ 0.601፣ ኢትዮጵያ 0.492 ናት። አለቀ አይደል?

መልስ፦ አላለቀም። ውስጡን ግለጠው። ዋናው ክፍተት ትምህርትና ገቢ ነው፤ በትምህርት ላይ የቆዩበት አማካይ እነሱ ከ7 ዓመት በላይ፣ እኛ ከ3 በታች። በዚያው ሰንጠረዥ በዕድሜ ርዝመት የምንበልጠው ግን እኛ ነን። ደግሞስ ይሄ የአገር አማካይ ነው፤ ማንም አማካይ ላይ ቤት ተከራይቶ አይኖርም። ጎንደርን ከዋና ከተማቸው ጋር ማስተያየቱም ግፍ ነው። ከሌላዋ ከተማቸው ከናኩሩ ጋር አስተያዩት፤ እሷም ወይና ደጋ ናት።

እትዬ ቡና፦ ቡና አምራች ሆነው ሻይ ነው የሚጠጡት ይባላል፤ እውነት?

መልስ፦ እውነት ነው። በወተት።

ቀበሌ 18፦ ያ ሻይ ከኛ ቡና ይሻላል ያለ ዘመድ አለኝ።

እትዬ ቡና፦ ዘመድህን ሦስተኛ ሳይጠጣ ነዋ ያስነሱት!

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን።

ፒያሳ፦ ውኃስ?

መልስ፦ እዚህም ጀሪካን፣ እዚያም ጀሪካን። እዚያ ቦቴ ይጨመራል።

ሰው አለኝ፦ ጋሼ፣ በሞያሌ የሚያሻግር ሰው አለኝ፤ ሥራ እዚያ ይገኛል?

መልስ፦ በደላላ አትሂድ። የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅልህ ቀጣሪህ ነው፤ ቀጣሪ ሳይኖርህ አትነሣ። በደላላ አትሂድ ብያለሁ።

ባለባጃጅ፦ ደመወዙ ግን በብር ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ለነርሷ የመለስኩትን አንብብ። አላባዛም።

አዲስ ሙሽራ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ናይሮቢ ነው፤ ምጣዴን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ያዢ ልጄ፣ ግን ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው። የነሱ መሰኪያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ ፊውዙ 13 አምፒር፤ ቮልቴጁ 240። በኛ 220 ላይ 16 አምፒር የሚስበው ምጣድሽ እዚያ ከ17 ያልፋል። ወይ ፊውዙ ይበጠሳል፣ ወይ ሶኬቱ ይቀልጣል። ኤሌክትሪሻን ጠርተሽ ከማከፋፈያው ሳጥን ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሳብልሽ፤ ብሬከሩም 20 አምፒር ይሁን። አከራይሽን ግን አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ እኔ ሳላስፈቅድ አስገብቼ ከማስያዣዬ ቆርጠውብኛል።