«የሰውነት መከላከያን ይገድላል» ማለት ትክክል ነውን?

ጥያቄ፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው እናቴ፣ በደም ሥር እየተንጠባጠበ የሚሰጥ ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ታዘዘላቸው። በአማርኛ የተሰጣቸው ማብራሪያ «ይህ ፀረ እንግዳ አካል የሰውነትዎን መከላከያ ይገድላል» ስለሚል ደንግጠው አልወስድም አሉ። አባባሉ ትክክል ነውን?

መልስ፦ እናትዎ የተረዱት የተጻፈላቸውን ነውና ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ያስደነገጣቸው የተሳቢው ምርጫ ነው። «መከላከያ» የመላው ሥርዓት ስም ሲሆን፣ ሪቱክሲማብ የሚያነጣጥረው ግን ቢ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ፣ እነርሱንም በገጻቸው ባለው ሲዲ20 በተባለ ፕሮቲን ለይቶ ነው። መድኃኒቱ ከዚህ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ፣ ምልክት የተደረገበትን ሕዋስ በማጥፋት የሚተባበሩት የእናትዎ የራሳቸው ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው፤ ስለዚህ «ይገድላል» የተባለው መከላከያ የመድኃኒቱ የሥራ አጋር ነው ማለት ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉት የደም ምንጭ ሕዋሳት ደግሞ ሲዲ20 ስለሌላቸው ይተርፋሉ፤ ቢ ሴሎችም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ከእነርሱ ዳግም መፈጠር ይጀምራሉ።

ከግሶቻችን «ያመናምናል» የሚለውን የምመርጠው ለዚህ ነው። ደን ተመናመነ ስንል ቁጥሩ መቀነሱን እንናገራለን እንጂ ዳግም የማቆጥቆጥ ተስፋውን አንዘጋም።

«ፀረ እንግዳ አካል» (በእንግሊዝኛ አንቲቦዲ፣ ሰውነት ወራሪን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) የሚለው ስያሜ ሌላ ችግር አለበት። «ፀር» በግእዝ ጠላት ማለት ስለሆነ፣ «ፀረ ወባ» የወባ ጠላት እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም የእንግዳ ነገር ጠላት ይሆናል። በእናትዎ ሕመም ግን ሰውነት ከሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት አንዳንዶቹ የሚያጠቁት እንግዳውን ሳይሆን የገዛ አካልን ነው። መድኃኒቱም ራሱ በቤተ ሙከራ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ፣ በአንድ ስም አጥቂውም ጠጋኙም ይጠራሉ። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ «አንቲቦዲ» የሚለውን የውጭ ቃል እንዳለ መውሰድ ይሻላል እላለሁ።

አስተካክዬ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ይህ በቤተ ሙከራ የተሠራ አንቲቦዲ፣ ለሕመምዎ ምክንያት ከሚሆኑት የደም ሕዋሳት መካከል ቢ ሴል የሚባሉትን ለወራት ያመናምናል፤ በዚያን ጊዜ በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድልዎ ስለሚጨምር፣ ትኩሳት ከተሰማዎት ሳይዘገዩ ለሐኪምዎ ይንገሩ።» የመጨረሻውን ሐረግ ድንጋጤ ለማብረድ ሲባል መቁረጥ አይገባም።