መልስ፦ «ስለተደፈነው ቦይ ቀበሌ ሦስቴ ተመላለስኩ፤ ‹እናያለን› ብቻ ነው መልሱ»

በቃል መጠየቁን ተወውና በጽሑፍ አስገባ። ሦስቱም ምልልስህ የትም አልተመዘገበም፤ ስለዚህ በእነሱ ቤት የዘገየ ጉዳይ የለም።

አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቦዩ ከየት እስከ የት ተደፈነ፣ ስንት ቤት ውኃ ገባበት፣ ምን ይደረግ። ከሥሩ የጎረቤት ስምና ፊርማ። ፊርማውን እድር ላይ ሰብስብ፤ ቤት ለቤት ከዞርክ ሳምንት ይፈጅብሃል። አቤቱታ ማቅረብ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የሰፈረ መብት ስለሆነ «በትሕትና እለምናለሁ» አያስፈልግም።

ለኃላፊው በእጁ አትስጥ፣ መዝገብ ቤት አስገባ። በራስህ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈህ ማኅተም አስመታ። ስትመለስ ቁጥሩን ጠርተህ ነው የምትጠይቀው። ለክፍለ ከተማውም ግልባጭ አድርግ፤ የባሕር ዳር ሰኔ ሳይገባ።

አንድ ነገር ልንገርህ። እስኪመጡ ራሳችን እንጥረግ ካላችሁ፣ ከአካፋው በፊት ጋሪ ተከራዩ። እኛ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ደለሉን አውጥተን ጠርዙ ላይ ከመርነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ዘነበና ጭቃው ተመልሶ ቦዩን ሞላው፣ ፌስታሉና ሃይላንዱ ደግሞ ጣና ገባ።