መልስ፦ በአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል «የ15 ቀን ዝርዝር» ሲባል ወርዋሪው (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች) መቼ ይመለሳል?

ክለቡ ወርዋሪውን በክርን ሕመም ምክንያት በ15 ቀን የተጎጂዎች ዝርዝር ካስገባው፣ 15 ቀን ሳይሞላ አይጫወትም ማለት እንጂ በ16ኛው ቀን ይመለሳል ማለት አይደለም። ቆጠራው እስከ 3 ቀን ወደ ኋላ ሊሳብ ስለሚችል፣ ዜናው ከወጣበት ዕለት ሳይሆን መግለጫው ላይ ከተጻፈው መነሻ ቀን ይቁጠሩ። ወደ 60 ቀኑ ዝርዝር ከተዛወረ ግን ቶሎ አይጠብቁት።

ከዚህ ይልቅ አሠልጣኙ ከጨዋታ በፊት ለጋዜጠኞች የሚሰጠውን መልስ ይከታተሉ፤ «ኳስ መወርወር ጀምሯል» የሚለው ወሬ ከየትኛውም የጊዜ ግምት ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ የመጀመሪያውን መግለጫ እንደ ሐኪም ውጤት አይውሰዱት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ወርዋሪም መቺም የሆነው ሾሄይ ኦታኒ ከሜዳ ሲወጣ፣ የያኔ ክለቡ ኤንጅልስ «የክንድ ድካም» ነው ብሎ ነበር፤ በዚያው ዕለት በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ በመቺነት ከተሰለፈ በኋላ የክርኑ ጅማት መቀደዱ ተነገረ።