የፊት ፍሬን ለአሮጌ መኪና፦ ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ጭር ሲል ጥያቄያችሁን እመልሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። በእጄ ከሚያልፉት መኪኖች ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን መኪና የሚንቅ ሰው አላየሁም። የዛሬው ስለ ፊት ፍሬን ብቻ ነው፦ ከጎማው ጋር ስለሚሽከረከረው ዲስክ፣ ዲስኩን ጨብጦ ስለሚያቆመው ሸራ፣ ሸራውን ይዞ በፒስተኑ ስለሚገፋው ካሊፐር። ሞተርና ካምቢዮ ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲኤክስ አለኝ። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄጄ «የዲኤክስ የፊት ሸራ» ብዬ ገዛሁ። መካኒኩ «አይገባም» አለኝ፤ ሻጩ ደግሞ «የዲኤክስ ነው» ብሎ ይምላል። የዋሸኝ ማን ነው?

መልስ፦ ማንም አልዋሸህም። ዲኤክስ የምንለው ኮሮላ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ለዓመታት የተመረተ ነው፤ ቶዮታም እንደ ምርት ዘመኑና እንደተላከበት አገር የተለያየ ካሊፐር ገጥሞለታል። ሻጩ የሰጠህ የዲኤክስ ሸራ ነው፤ ያንተኛው ዲኤክስ ሸራ ግን አይደለም።

ስለዚህ የመኪና ስም ይዘህ አትሂድ። አሮጌውን ሸራ አስፈትተህ በጋዜጣ ጠቅልለህ ሂድ። ባንኮኒው ላይ የአሮጌውንና የአዲሱን የብረት ጀርባ ገጥመህ ወደ ብርሃን አንሳቸው። ዙሪያቸው አንድ ላይ ማለቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ጫፍና ጫፍ ያሉትን ጆሮዎች ተመልከት፤ ሸራው ካሊፐሩ ውስጥ የሚንሸራተተው በእነሱ ነው። አንዲት ሚሊሜትር ከበለጠ መካኒኩ ሞረድ ያነሳና «አስገባዋለሁ» ይልሃል። እንዳትፈቅድ። ባለፈው ሳምንት እንዲህ በሞረድ የገባ ሸራ ያለው መኪና መጥቶልኝ ነበር፤ ጆሮው ከልክ በላይ ስለተበላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር «ቋ» ይላል፤ ባለቤቱም ሁለት ወር ሙሉ ያንን ድምፅ ፍለጋ የመሪ ዕቃ ሲቀይር ኖሯል።

አሮጌው ሸራ ከሌለህ በሊብሬህ ላይ ባለው የሻሲ ቁጥር የዕቃውን ቁጥር አስፈልግ። በቶዮታ አቆጣጠር የፊት ሸራ በ04465፣ የፊት ዲስክ በ43512 ይጀምራል። መኪናህን ከሌላው የሚለዩት ተከታዮቹ አሃዞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «ኦሪጅናል» ይላል። በምን አምናለሁ?

መልስ፦ ካርቶን የትም ይታተማል። ሸራውን አውጥተህ ጠርዙን እይ፤ ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት መስመር ላይ ጥፍርህን ብታስኬድ ክፍተት ሊያገኝ አይገባም። ቀጥሎ ጠርዙ ላይ ወይም ጀርባው ላይ የታተሙትን ፊደላት ፈልግ፤ በቁጥሮቹ መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ታገኛለህ። የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ በጣም ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ስለዚህ «ኤፍኤፍ» ሲሞቅም ያው ነው፤ «ኤፍኢ» ግን ሲግል ይሰንፋል። ፊደሉ ስለ መያዝ እንጂ ስለ ዕድሜ አይናገርም፤ ጂጂ የተጻፈበት ሸራም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ፊደል የሌለበትን ሸራ እኔ ለራሴ መኪና አልገዛም፤ ለደንበኛም አልገጥምም።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለችኝ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ፔዳሉ እየለሰለሰ ወለል ሊነካ ይደርሳል። ታች ደርሼ ትንሽ ስቆም ይስተካከላል። የትኛው ሸራ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ፤ ችግሩ ሸራ አይመስለኝም። ሁለቱን ለዪልኝ፦ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው። ፔዳሉ ከለሰለሰና ከሰመጠ ግን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230ና 155 ናቸው። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ ፒስተን አይገፋም። ሰው «ፍሬን በጠሰ» ሲል ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም፤ የሆነው ይኸው ነው።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሪ፤ ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ። ዶት 3 ባለበት ዶት 4 ቢገባ ችግር የለውም፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ቁልቁለት ስትጀምሪ ደግሞ ማርሹን ዝቅ አድርጊ። እስኪቀየር ድረስ በዚያ ቁልቁለት ባትወርጂ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ዲስኩን ቶርኖ ቤት ላስልገው ወይስ አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ መልሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። መሀሉ ላይ ወይም ጠርዙ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጿል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ብትፍቀው ይወጣል። ቶርኖው ፍቆ የሚያነሳው ተነስቶለት ከዚያ ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ አስልገው፤ ካልሆነ አዲስ ግዛ።

አለካኩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያረጀ ዲስክ ሸራው የማይነካው ጠርዝ ከፍ ብሎ ይቀርበታል፤ ውፍረት የምትለካበት ካሊብሮ እሱ ላይ ሲያርፍ ዲስኩ ገና ያላለቀ ይመስልሃል። በሁለቱም ፊት የተበላው ቦታ ላይ አንድ አንድ የአንድ ብር ሳንቲም ያዝና ከነሳንቲሞቹ ለካው፤ ከዚያ የሁለቱን ሳንቲሞች ውፍረት ቀንስ። አራት ቦታ ለካ። ስታስልግም ስትቀይርም ግራና ቀኙን አንድ ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነኝ። የላዳ የፊት ዲስክ ስንት ሲደርስ ነው የሚጣለው?

መልስ፦ አባቴ፣ አዲሱ ወደ 10 ሚሊሜትር ነው፤ 9 ሲደርስ ይጣሉት። ሸራው 1.5 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቀየራል። ላዳ የፊያት 124 ልጅ መሆኗን እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም፤ ፊያቱ ኋላውም ዲስክ ነበረው፤ ሩሲያውያን ግን ለመጥፎ መንገድ ብለው ኋላውን ታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ፣ አደረጉት። ስለዚህ በላዳ የፊቱን ዲስክ ቸል ማለት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ያገለገሉ ሁለት የፊት ካሊፐሮች ገዝቼ አስገጠምኩ። አየር አራት ጊዜ አስወጣን፤ ፔዳሉ አሁንም ስፖንጅ ነው።

መልስ፦ ጎማውን ፈትተህ አየር ማስወጫዋን ቡሎን እይ። ወደ ላይ ናት ወይስ ወደ ታች? ታች ከሆነች ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ተገጥሟል። አየር ከዘይት በላይ ይቀመጣል፤ በታች በኩል መቶ ጊዜ ብታፈስ ዘይቱ ይወጣል እንጂ አየሩ እዚያው ነው። አቀያይራቸው። ያገለገለ ካሊፐር መግዛቱ በራሱ አያስነቅፍም፤ ፒስተኑ ዝገት የቦረቦረው እንዳይሆን፣ በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ጎሚኒዎችም አዲስ ይሁኑ። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብም፤ ያብጥና ፒስተኑን ይይዘዋል። በፍሬን ዘይት ብቻ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጅቡቲ ሳለች ፍሬኗ ቀላል ነበር፤ አዲስ አበባ ስትደርስ ፔዳሉ ከበደ። ሰርቮው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሰርቮው እግርህን የሚያግዘው በአየር ግፊት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፤ እስኪጠነክር። ከዚያ እንደረገጥክ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ ከወረደ ሰርቮው ደህና ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ሸራ ካስገባሁ በኋላ ወዲያው መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ሸራውና ዲስኩ እስኪላመዱ ሠላሳ ጊዜ ያህል ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ እያልክ ቀንስ፤ በመካከሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጠው። ቸርችል ጎዳናን ከፒያሳ ቁልቁል ለዚህ አትምረጠው፤ ሜዳ መንገድ ፈልግ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። ሸራ ሲቀየር ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለሚገፋ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። በሥራዬ በሦስተኛው ዓመት ይህን ረስቼ የደንበኛ ኮሮላ ወደ ኋላ አስነሳሁ፤ የጋራዣችን የብረት በር ታችኛው ቆርቆሮ ዛሬም ጎድጉዶ ነው ያለው።